የመጀመሪያውን ኮንደንሰር ማይክሮፎን ስለ መምረጥ

በደብረ ታቦርና በገሳይ በቤቱ ማሲንቆ፣ በገናና መዝሙር ለመቅረጽ ያሰበ ሰው ሱቅ ሲገባ አስቀድሞ የሚጠይቀው የማይክሮፎኑን ዋጋ ነው። ይሁን እንጂ ከዋጋው በፊት ሊመረመር የሚገባው የራሱ ቤት ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1916 ዓ.ም. አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዌንቴ የፈለሰፈው ይህ ዕቃ፣ በኤሌክትሪክ የተሞላ እጅግ ስስ ገበታ አለው፤ ገበታው በድምፅ ሲርገበገብ ድምፁ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። በዚህም የተነሣ የበገናን ዝግ ያለ ንዝረት ሳይቀር ይይዛል፤ በቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርደውን የክረምት ዝናብም እንዲሁ። ጋቢና ምንጣፍ በግድግዳ ላይ መስቀል የገደል ማሚቶውን ይቀንሳል እንጂ ዝናቡን አያስቀርም። ስለዚህ ኮርኒስ በሌለው ቤት በሐምሌና በነሐሴ ለሚቀርጽ ሰው ዳይናሚክ የተባለው ዓይነት ይሻለዋል።

ቤቱ ጸጥታ ያለው ከሆነ፣ ገዢው መቅረጫ መሣሪያው 48 ቮልት የሚሰጥ መሆኑን ያረጋግጥ። ይህ ኃይል ካልደረሰው አብዛኛው ኮንደንሰር ድምፅ አይሰጥም፤ ሻጩም ያለ በደሉ ይወቀሳል። ለጀማሪ ከፊቱ የሚመጣውን ድምፅ አብልጦ የሚቀበለው ካርዲዮይድ ይበቃዋል። እርጥበት ገበታውን ስለሚያንጫጫው፣ ማይክሮፎኑ ከሥራ በኋላ በደረቅ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።