ከቢላዋው በፊት መርፌው

በጉንደ ወይን ከተማ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የውሻ ዕድሜ በወረቀት አይመዘገብም። «የመጀመሪያ ልጃችን ክርስትና የተነሣ ዓመት የመጣ ነው» ይባላል። ልጁ አምስተኛ ክፍል ሲደርስ ውሻውም አሥር ዓመት አልፎታል ማለት ነው። ብዙ ባለቤት በውሻው ገላ ላይ እባጭ የሚያየው ያን ጊዜ ነው፤ በሴቷ ጡት መስመር ላይ፣ በቆዳ ሥር፣ በብልት አካባቢ። ጎረቤት የሚሰጠው ምክር ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «አርጅቷል፣ ተወው» ይላል፤ ሌላው «ሳያድግ ይቆረጥ» ይላል።

ሁለቱም መካሪዎች ከሁሉ መቅደም የነበረበትን ጥያቄ ዘለውታል፤ እባጩ ምንድን ነው? ቀዶ ሕክምና ይደረግ ወይስ አይደረግ የሚለውን የሚወስነው በዋናነት የዕጢው ዓይነት ነው። የእባጩ መጠንና የውሻው ዕድሜ የሚመዘኑት ዓይነቱ ከታወቀ በኋላ ነው።

እባጭ ሁሉ ካንሰር አይደለም

በውሻ ቆዳ ሥር የሚወጣ ነገር መግል የቋጠረ ቁስል ወይም በሆድ ጡንቻ ቀዳዳ የወጣ አንጀት ሊሆን ይችላል። እውነተኛ ዕጢ የሚባለው ሕዋሳት የመባዛት ልጓማቸውን ጥለው የሚፈጥሩት እድገት ነው። ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር የዘር መመሪያው ይገለበጣል፤ በግልባጩ ላይ የሚፈጠሩ ስሕተቶች ከዓመት ዓመት ይጠራቀማሉ። ካንሰር በስተርጅና የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ደግ የሚባለው ዕጢ ባለበት ሆኖ ያድጋል፤ ክፉው ግን አጠገቡ ያለውን ሥጋ እየሰረሰረ ይገባል፣ በደምና በሊንፍ ሥሮች ተጉዞም ብዙ ጊዜ ሳንባ ላይ ያርፋል።

ደጉን ከክፉው በዓይንና በእጅ ብቻ መለየት ልምድ ላለው ሐኪምም ያስቸግራል። ስለዚህ ስሙ ያልታወቀን እባጭ በጋለ ብረት መተኮስ፣ ማፍረጥ ወይም በክር አንቆ ማሰር ውሻውን ከማሠቃየትና ቁስሉን ከማመርቀዝ በቀር ጥቅም የለውም።

ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው ካንሰር

ውሾች ሳይታሰሩ በሚዘዋወሩባቸው ብዙ አገሮች አንድ ለየት ያለ ዕጢ አለ። በወንዱም በሴቷም ብልት ላይ ቀይ፣ ጎርበጥባጣና በቀላሉ የሚደማ ሆኖ ይወጣል፤ አንዳንዴም በአፍንጫና በአፍ ውስጥ ይታያል። ባለቤቶች ደም ሲንጠባጠብ ያዩና የሽንት በሽታ ይመስላቸዋል።

ይህን ዕጢ የሚያስተላልፈው ቫይረስ ወይም ባክቴሪያ አይደለም። ራሳቸው የካንሰሩ ሕዋሳት በስሪያ፣ በመላላስና በማሽተት ጊዜ በሕይወት እንዳሉ ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ሩሲያዊው የእንስሳት ሐኪም ምስቲስላቭ ኖቪንስኪ በ1876 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዕጢን ከውሻ ወደ ውሻ በማዛወር ለሳይንስ አዲስ ምዕራፍ ከፍቷል። በ2006 ደግሞ ከጣሊያን፣ ከሕንድ፣ ከኬንያና ከሌሎች አገሮች በተሰበሰቡ ናሙናዎች የተደረገ የዘረ መል ምርመራ፣ የዕጢው ሕዋሳት ከታመመው ውሻ ከራሱ ሕዋሳት ጋር እንደማይመሳሰሉ፣ እርስ በርሳቸው ግን ዘመዳሞች እንደሆኑ አረጋገጠ። በ2019 የታተመና 546 ዕጢዎችን ያጠና ሥራ የካንሰሩን መነሻ ከ4,000 እስከ 8,500 ዓመት በፊት በእስያ በኖረ አንድ ውሻ ላይ አደረሰው። ያ ውሻ ከሞተ ሺህ ዓመታት ቢያልፉም ሕዋሳቱ ዛሬም በሌሎች ውሾች ገላ ይኖራሉ።

«ሳያድግ ይቆረጥ» የሚለው ምክር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዕጢው ተቆርጦ ቢወጣም ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ዋነኛው ሕክምና ቪንክሪስቲን የተባለው መድኃኒት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል፤ በተለምዶ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ ከታከሙት ውሾች አብዛኞቹ ፈጽመው ይድናሉ። መድኃኒቱ የተገኘው ለጌጥ ከሚተከል ሮዝ አበባ ካለው የማዳጋስካር ተክል ነው። ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል፤ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያበላሻል። ስለዚህ መስጠት ያለበት የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ነው። የሚነካው ሰው ጓንት ያድርግ፣ እርጉዝ ሴት አትቅረበው። ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናትም የውሻው ሽንትና ዓይነ ምድር በባዶ እጅ አይነካ።

የጡት ዕጢ

ባልመከኑ አሮጊት ሴት ውሾች ላይ አዘውትሮ የሚታየው የጡት ዕጢ ነው። ውሻ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጥንድ ጡት አላት፤ ዕጢው ይበልጥ የሚወጣው ወደ ኋላ እግር በቀረቡት ላይ ነው። ከነዚህ ዕጢዎች ግማሽ ያህሉ ደግ ናቸው። ለዚህ በሽታ ዋናው ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው፤ ጊዜም ዋጋ አለው። ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ሳለ የወጣ ዕጢ ከዚያ ካለፈው የተሻለ ተስፋ ይሰጣል። «አርጅታለች፣ ተዋት» የሚለው ምክር ልትድን የምትችለውን የሚገድለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ከባድ ልዩነት ግን አለ። ጡቷ በሙሉ ቀልቶ፣ ግሎና ጠጥሮ ሲነካ የምትጮህ ከሆነ፣ የጡት ብግነት የሚመስል እጅግ ክፉ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ያን ዓይነቱን መቅደድ አይመከርም፤ ቁስሉ አይድንም፣ ዕጢውም ይስፋፋል።

ለቀጣዩ ትውልድ የሚሆን መከላከያም አለ። በ1969 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳመለከተው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሪያ ከመፈለጓ በፊት የመከነች ውሻ በጡት ዕጢ የመያዝ ዕድሏ ካልመከነችው 0.5 በመቶ ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው በኋላ 8፣ ከሁለተኛው በኋላ 26 በመቶ ይደርሳል። የኋላ ገምጋሚዎች ማስረጃው ጠንካራ አይደለም ቢሉም፣ ማምከን የማይፈለግ ቡችላንም የማሕፀን መመርቀዝንም ስለሚያስቀር ጥቅሙ ብዙ ነው።

መርፌው የሚነግረን

የእባጩን ዓይነት ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ ቀላል ነው፤ ቀጭን መርፌና ሲሪንጅ። ባለሙያው እባጩን ወግቶ ጥቂት ሕዋሳት ይስባል፣ በመስታወት ስላይድ ላይ ይቀባና በአየር ያደርቃል። ብዙ ጊዜ ሰመመን አያስፈልገውም። ስላይዱ በጊምዛ ቀለም ሊቀለም ይችላል፤ በየጤና ጣቢያው የወባ ተሕዋሲ የሚፈለግበት ቀለም ራሱ ነው። የሚተላለፈው ካንሰር ሕዋሳት ክብ ሆነው በውስጣቸው ባዶ ነጠብጣብ ስለሚያሳዩ በማይክሮስኮፕ መለየት አያዳግትም። የስብ ዕጢም እንዲሁ በቶሎ ይታወቃል። የጡት ዕጢን ደግነትና ክፋት ግን መርፌው ሁልጊዜ አይለይም፤ እሱ የሚታወቀው ከተቆረጠ በኋላ ዕጢው በፎርማሊን ተነክሮ ሲመረመር ነው።

ይህ ለጉንደ ወይን የውሻ ባለቤት ትልቅ ነገር ነው። በመንገድ የሚሠቃየው ውሻው መሆን የለበትም፤ የደረቀው ስላይድ ብቻውን በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም አልፎ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወዳለው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሊላክ ይችላል። ከፎርማሊን ጋር በአንድ ከረጢት እንዳይገባ ብቻ ይጠንቀቁ፤ ትነቱ ስላይዱን ያበላሸዋል።

ክፉ ዕጢ እንደሆነ ሲጠረጠር ከቀዶው በፊት የሚቀጥለው ጥያቄ «ሳንባ ደርሷል ወይ?» ነው። መልሱን የሚሰጠው የደረት ኤክስሬይ ነው። ሳንባ ላይ ከታየ፣ ጡቱን መቁረጥ ሥቃይ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ዕድሜ አያስረዝምም።

ዕድሜና ሰመመን

ባለቤቶች ከሁሉ በላይ የሚፈሩት «አይነቃም» የሚለውን ነው። በእንግሊዝ ከ98,000 በላይ ውሾችን የተከታተለና በ2008 የታተመ ጥናት፣ በሰመመንና ከዚያ በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት ከጤናማ ውሾች የሞቱት 0.05 በመቶ፣ ከታመሙት 1.33 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ዕድሜም አደጋውን ይጨምራል፤ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ግን የልብ፣ የኩላሊትና የደም ሁኔታ ነው። የአሥር ዓመት ጤነኛ ውሻ ደም ካነሰው የአምስት ዓመት ውሻ ሊሻል ይችላል።

ቁጥሩ የተገኘው ኦክስጅንና የልብ መከታተያ ካለበት ክሊኒክ መሆኑ አይዘንጋ። በአገራችን በብዛት የሚሠራበት ዛይላዚን የተባለው ማስተኛ መድኃኒት የልብ ምትን ያዘገያል፤ ያረጀ ልብ ላለው ውሻ መጠኑ በጥንቃቄ መለካት አለበት። ስለዚህ ባለቤት ሐኪሙን ሳያፍር ይጠይቅ፦ ልቡን አዳመጡት? ክብደቱ ተመዘነ? ድዱ ነጥቷል ወይስ ቀይ ነው? በቀዶው ሰዓት ትንፋሹን የሚከታተል ሰው አለ? ዕጢው ከነዙሪያው ጤናማ ሥጋ ጋር ይወጣል? ክፉ ዕጢን ጨርሶ ለማውጣት የተሻለው ዕድል የመጀመሪያው ቀዶ ነው።

ቀዶ ሕክምና አለማድረግም ሕክምና ነው

አንዳንዱ ውሻ እስከ መጨረሻው ተመችቶት ቢኖር ይሻለዋል። ይህን የመረጠ ባለቤት ውሻውን ጣለው አይባልም፤ ሥራው ግን ይጨምራል። ቁስሉ ከዝንብ ይጠበቅ፣ ማደሪያው ከብርድ ይከለል፣ የሥቃይ ማስታገሻው ከእንስሳት ሐኪም ይምጣ። ለሰው የሚሸጡት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ፤ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መስጠት አይገባም።

አሜሪካዊቷ የእንስሳት ሐኪም አሊስ ቪላሎቦስ በ2004 ለዚህ ጊዜ የሚሆኑ ሰባት መመዘኛዎች አቅርባለች፦ ሥቃይ፣ ምግብ፣ ውኃ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ መንቀሳቀስ፣ ከክፉ ቀን ደግ ቀን መብዛቱ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ35 በላይ ሲሆን ውሻው ደህና ይኖራል ማለት ነው። ከዚያ ሲወርድና መመለሻ ሲጠፋ፣ በሐኪም እጅ በሰመመን መድኃኒት ያለ ሥቃይ ማሳረፍ ይቻላል። ዕድሜውን ሙሉ በረት ሲጠብቅ የኖረ እንስሳ በመርዝ ወይም በገመድ መሞት አይገባውም።

ለወረዳዎቻችን የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። የገጠር ውሻ በባለሙያ ፊት የሚቆመው ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሲያዝ ብቻ ነው። ያን ቀን፣ አፉ ታስሮ ባለቤቱ አጠገቡ ሳለ፣ ባለሙያው የጡት መስመሩን በጣቱ ይዳስስ፣ ብልቱን ይመልከት፣ እባጭ ካገኘም በመርፌ ስቦ ስላይድ ያዘጋጅ። ወረዳው የሚያወጣው ጥቂት ስላይድና መርፌ ነው። ባለቤቱ ደግሞ «ተወው» እና «ይቆረጥ» ከሚሉት ሁለት ግምቶች ወጥቶ፣ እባጩ ምን እንደሆነ አውቆ ይወስናል።