«ነገ ና» እና ስድስቱ ወራት

ደመ ወዝ የሚለውን ቃል ሰዎች ሲፈቱት ደምና ወዝ ይሉታል። ሰው ጕልበቱን አፍስሶ የሚያገኘው ገንዘብ ከገዛ አካሉ እንደ ተቈረሰ ይቈጠራልና ይህ አፈታት ለጆሮ የሚጥም ብቻ ሳይሆን ፍርድም ያለበት ነው። ኦሪት ዘዳግም የድኻው ምንደኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈለው ያዝዛል፤ በእስልምና ትምህርትም የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጠው የታዘዘ መሆኑ በሰፊው ይታወቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን በከተማችን ሠርቶ ደመ ወዙን ያላገኘ፥ ከሥራው ከተለየም በኋላ በቀድሞ አሠሪው ደጃፍ የሚመላለስ ሰው ማግኘት አያስቸግርም።

ስለዚህ ጕዳይ ለመጻፍ ስንነሣ ቦሌ ቡልቡላን ለምሳሌ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወዲያ የተንሰራፋው ይህ ሰፈር ሕንፃ ሲሠራበት የሚውል ሰፈር ነው። ግንበኛው፥ አናጢው፥ ፌሮ ሠሪው፥ ቀለም ቀቢው፥ የቀን ሠራተኛውና የሌሊት ጥበቃው እንጀራቸውን ከዚያ ያወጣሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ ሥራው ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነው። የሕንፃው ባለቤት ለሥራ ተቋራጭ ይሰጣል፤ ተቋራጩ ከፍሎ ለሌላ ተቋራጭ ያስተላልፋል፤ እርሱም አንዱን ፎርማን «ሰው አምጣ» ይለዋል። ሥራው ተጠናቅቆ መወጣጫው ሲፈርስ ሠራተኛው «የቀጠረኝ ማን ነው?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይጀምራል።

ደመ ወዝ የያዘ አሠሪ «አልከፍልህም» ብሎ በግልጽ የሚናገርበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚለው «ቅዳሜ ና»፥ «ክፍያ እስኪለቀቅልኝ ታገሥ»፥ «የሒሳብ ሠራተኛዋ የለችም፥ ነገ ና» ነው። ሠራተኛውም ይሉኝታ ይይዘዋል። ነገ ለሌላ ሥራ ምስክር እንዲሆነው ስለሚፈልግ ሰውየውን ማስቀየም አይወድም፤ «ከነገሩ ጦም እደሩ» የሚለውን ብሂል ያስብና ይመለሳል። ትዕግሥት መልካም ጠባይ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን በዚህ ጕዳይ ላይ እያንዳንዱ «ነገ ና» ከሠራተኛው መብት አንድ ቀን የሚቀንስ መሆኑን ብዙ ሰው ስለማያውቅ፥ ገንዘቡን የሚያጣው በፍርድ ተረትቶ ሳይሆን በመጠበቅ ብቻ ነው።

በአገራችን አሠሪና ሠራተኛን የሚመለከት ሕግ ከወጣ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውል ደንግጎ ነበር። በ1956 ዓ.ም. ስለ ሠራተኛ ጕዳይ አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ፤ ከዚያ በኋላ በ1968፥ በ1985 እና በ1996 ዓ.ም. ሌሎች አዋጆች እየተተኩ መጥተው፥ ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። መንግሥታት ሲለዋወጡ ሕጉም ብዙ ጊዜ ተለውጧል፤ ሆኖም ለሠራ ሰው ዋጋውን መክፈል የአሠሪው ግዴታ መሆኑ አልተለወጠም።

የአሁኑ አዋጅ በአንቀጽ 36 እንደሚለው፥ የሥራ ውል ሲቋረጥ ለሠራተኛው የሚገባው ደመ ወዝና ከእርሱ ጋር የተያያዘው ክፍያ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የተረከበውን ንብረት ወይም ሒሳብ ሳይመልስ ከቈየ ጊዜው ሊራዘም ይችላል። ሁለቱ ወገኖች በገንዘቡ ልክ ባይስማሙ እንኳ አሠሪው ያመነውን ያህል በዚያው ጊዜ ይከፍላል እንጂ፥ «ክርክር አለን» ብሎ ሁሉንም መያዝ አይችልም። ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ እንደ ሆነ ደግሞ በአንቀጽ 38 መሠረት ከዋናው ገንዘብ በላይ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ ደመ ወዝ እንዲጨምር ሊፈረድበት ይችላል።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በቍጥር እንየው። አንድ ጥበቃ በወር 6,000 ብር ተቀጥሮ የሁለት ወር ደመ ወዝ ሳይከፈለው ከሥራው ተሰናበተ እንበል። ዋናው ዕዳ 12,000 ብር ነው። ለመዘግየቱ ሊጨመር የሚችለው ከፍተኛው ቅጣት 18,000 ብር ይሆናል። በሰባት ቀን በ12,000 ብር የሚያልቀው ነገር ወደ 30,000 ብር ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። አሠሪዎችም ይህን ሒሳብ ቢያውቁት «ነገ ና» ማለት ርካሽ እንዳልሆነ በተረዱ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ይህ መብት ጊዜ ተወስኖለታል፤ በሕግ ቋንቋ ይርጋ ይባላል። የደመ ወዝ፥ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰለው ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመነጨው የክፍያ ጥያቄም ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ብቻ አለው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ደግሞ ከዚህም ያጠረ ሲሆን በሦስት ወር ያበቃል።

ያ ጥበቃ የጥቅምትና የኅዳር ደመ ወዙ ቀርቶበት ታኅሣሥ 10 ቀን ተሰናበተ እንበል። ደመ ወዙ የሚከፈለው በወሩ መጨረሻ ከሆነ፥ የጥቅምቱ ስድስት ወር የሚያልቀው ሚያዝያ 30 ነው፤ የኅዳሩ ግንቦት 30፤ በስንብቱ ምክንያት የሚገባው ክፍያ ሰኔ 10። ሰውየው ሁሉንም ከስንብቱ ቀን ጀምሮ ቈጥሮ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ቢቀርብ የጥቅምትና የኅዳር ደመ ወዙ በይርጋ መቃወሚያ ሊወድቅበት ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው ከሁሉ ከቀደመው ወር ይቈጥራል።

ይህን የጊዜ ቍጥር የሚያቋርጡት ነገሮች በአዋጁ ተዘርዝረዋል። አንደኛው ለሥራ ክርክር ሰሚው አካል ክስ ማቅረብ ነው። ሁለተኛው አዋጁን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ነው። ሦስተኛው አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ነው። ሽማግሌ መላክ፥ በስልክ መለመን፥ በፎርማኑ በኩል ማስታወስ ከእነዚህ መካከል አይገኙም። ሽማግሌ ላኩ፥ ታረቁ፤ ይህ የቈየ መልካም ባህላችን ነው። ነገር ግን ሽምግልናው ፍሬ ካፈራ አሠሪው «ይህን ያህል ብር አለብኝ፥ በዚህ ቀን እከፍላለሁ» ብሎ ጽፎ ይፈርም። የሚከፍል ሰው ይህን ለመጻፍ አይከብደውም፤ አልጽፍም ካለም ሠራተኛው ከዚያ በላይ ቀን እንዳያባክን ያውቃል።

«ውል አልፈረምኩምና ምን ይዤ እከሳለሁ?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ሕጉ በቃል የተደረገን የሥራ ውል አይጥልም፤ እንዲያውም ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ይህን ባለማድረጉ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። የደመ ወዝ መዝገብ መያዝም የአሠሪው ግዴታ ነውና ሠራተኛው መዝገቡ ይቅረብልኝ ብሎ ፍርድ ቤቱን ሊጠይቅ ይችላል። ከዚህ በላይ አብሮ የሠራ ባልደረባ ይመሰክራል፤ በባንክ ወይም በቴሌብር የገባ ያለፈ ደመ ወዝ፥ የሥራ መታወቂያ፥ የመግቢያና የመውጫ ፊርማ፥ በስልክ የተላከ መልእክት ሁሉ ይረዳል።

በሕንፃ ሥራ ላይ ላሉት አንድ ምክር እንጨምር። በግንባታ ቦታ ደጃፍ የሚተከለው ታፔላ የባለቤቱን፥ የሥራ ተቋራጩንና የአማካሪውን ስም ይይዛል። ሥራ በገቡበት ቀን ያንን ስም መጻፍ ወይም በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ምንም ወጪ የለውም። ቀጣሪው ንዑስ ተቋራጭ ከሆነም ስሙንና አድራሻውን መጠየቅ ይገባል። ታፔላው ከተነቀለ በኋላ የሚከሰሰውን ሰው ስም መፈለግ ግን ብዙ ያደክማል። እንዲሁም «ከድርጅቱ የምፈልገው ቀሪ ገንዘብ የለኝም» የሚል ወረቀት ገንዘቡ በእጅ ሳይገባ አይፈረምም።

በአዲስ አበባ እንዲህ ያለውን የግል የሥራ ክርክር የሚሰማው በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ያለው የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛው ለክሱ የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም። ችሎቱ ክሱ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ በአዋጁ ተደንግጓል፤ ቅር የተሰኘ ወገን ይግባኝ ለማለት 30 ቀን አለው። ተፈርዶለትም አሠሪው የማይከፍል ከሆነ በአፈጻጸም መዝገብ ንብረቱ ይፈለጋል። ሕጉ ከሥራ ግንኙነት ለሚመነጭ የሠራተኛ ገንዘብ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ ሰጥቶታል። ይህ አሳብ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የዓለም የሥራ ድርጅት በ1941 ዓ.ም. ባጸደቀው ቁጥር 95 የደመ ወዝ ጥበቃ ስምምነትም አሠሪ በከሠረ ጊዜ ሠራተኛ ባለ ቅድሚያ ገንዘብ ጠያቂ እንዲሆን ተደንግጓል።

አዋጁ ሁሉን ሰው እንደማያቅፍ መናገርም ይገባናል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው። በየኮንዶሚኒየሙና በየቪላው የሚያገለግሉ የቤት ሠራተኞችም ከአዋጁ ውጪ ናቸው፤ እነርሱ የሚጠይቁት በፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ነው። ከአዋጁ ውጪ መሆን ግን ያለ ሕግ መሆን አይደለም።

በሌላ በኩል ሠራተኛም ግዴታ አለበት። በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሰው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ታዟል፤ ሳይናገር ቢጠፋ አሠሪው ካሣ ሊጠይቀው ይችላል። የተረከበውን መሣሪያና ቁልፍ መልሶ ደረሰኝ መቀበልም አለበት። እጁ ንጹሕ የሆነ ከሳሽ በችሎት ፊት ቃሉ ይሰማል።

አሠሪዎችም ችግር የለባቸውም አንልም። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ይወጣል፤ ባለቤቱ ለተቋራጩ ክፍያ ያዘገያል። ይሁን እንጂ ሲሚንቶ የሸጠው ነጋዴ ገንዘቡን ቀድሞ ሲቀበል፥ ሲሚንቶውን ያቦካው ሰው የአሠሪውን ኪሳራ ተሸክሞ ሊያድር አይገባም። የቤት ኪራይ ጠያቂውና የልጁ ትምህርት ቤት እርሱን «ነገ ና» አይሉትምና።

ስለዚህ አንባቢዎቻችን፥ በተለይም በጕልበታቸው የሚያድሩት፥ አንድ ነገር እንዲይዙልን እንለምናለን። ከሥራ የተለያችሁበትን ቀንና ያልተከፈለውን ወር በደብተር ጻፉ፤ ሰባቱን የሥራ ቀናት ታገሡ፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጣችሁን ቀጠሮ ሁሉ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በጽሑፍ ካላገኛችሁም ስድስቱ ወራት ሳያልቁ ወደ ችሎት ሂዱ። ቀን ቈጥሮ የሠራ ሰው ገንዘቡንም ቀን ቈጥሮ ይጠይቅ።