ላሊበላን አይቶ ዋግን ሳያይ ስለሚመለስ እንግዳ

ከውጭ አገርም ሆነ ከአዲስ አበባ ወደ ላስታ የሚወጣ ጐብኚ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ተሳልሞና ተመልክቶ፥ ጊዜ የተረፈው እንደ ሆነም እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ ደርሶ፥ ከዚያ ወደ መጣበት መመለስ ልማዱ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ ሰሜን ያለው የዋግ ምድር ግን፥ ምንም እንኳ ባላባቶቹ ዘራቸውን ከዛጔ ነገሥታት የሚቈጥሩ የጥንት አገር ቢሆን፥ ከጐብኚዎች መንገድ ውጭ ሆኖ ይኖራል። ይህም የሆነው የሚታይ ነገር አጥቶ አይደለም፤ እንግዳውን የሚመራውና የሚያስተናግደው ስላጣ ነው እንጂ።

የዋግ ርእሰ ከተማ ሰቆጣ በቀድሞ ዘመን ስሟ ከፍ ያለ ገበያ ነበረች። ከአፋር ቆላ የሚወጣው አሞሌ ጨው በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ወደዚህ ደጋ ይገባ ነበርና ነጋዴው ከሩቅ አገር ወደ ሰቆጣ ይመጣ ነበር። አገሩን ይገዙ የነበሩት ዋግሹሞችም በነጋሪትና በብዙ ማዕርግ የሚከበሩ መኳንንት ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ከዘራቸው ወገን የሆኑት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደም በጠላት ወረራ ዘመን ከኢጣልያ ጦር ጋር ሲዋጉ በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ ወድቀዋል። እንግዲህ ወደ ሰቆጣ የሚገባ ሰው የሚረግጠው ምድር ታሪክ የሌለው ባዶ ምድር አለመሆኑን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ይገኛል። ይህ ቤተ ክርስቲያን እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈለ ሲሆን፥ የፊት ገጹ አጊጦ የተጠረበ በመሆኑ ላሊበላን አይቶ የመጣውንም ሰው ቆም ያደርገዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን በዚያው ሥፍራ የጥንት የዋግ ገዢዎች አስከሬን ሳይፈርስ ደርቆ በሣጥን ተኝቶ መገኘቱ ነው። በይምርሐነ ክርስቶስም ከዋሻው ውስጥ፥ በእንጨትና በድንጋይ እየተፈራረቀ ከታነጸው ቤተ መቅደስ በስተጀርባ፥ የብዙ ሰዎች አፅም ተከማችቶ ይታያል።

በዚህ ነገር ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አስከሬን የገበያ ዕቃ አይደለም። ጐብኚው እየቀረበ ቢዳስሰው፥ ሌላውም ፎቶግራፍ አነሣለሁ ሲል ልፋፊውን ገልጦ ቢመለከተው፥ ስንት መቶ ዓመት የቆየው በጥቂት ዓመት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። የጧፍ ጢስና የእግር ትቢያም ለአለቱ ጠላቶች ናቸው። ስለዚህ የደብሩ ካህናት እንግዳውን በደስታ ሲቀበሉ፥ ከየት እስከ የት እንደሚገባና ምን መንካት እንደማይገባው በግልጥ ቢነግሩት፥ ለመግቢያ የሚከፍለውንም ገንዘብ በደረሰኝ እየተቀበሉ ለቤቱ ጥበቃ ቢያውሉት፥ እንግዳው ይበልጥ ያከብራቸዋል እንጂ አይቀየምም።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት እንዳደረጉት መመልከት ይጠቅማል። በአየርላንድ ምዕራብ፥ ኬሪ በሚባለው የባላገር አውራጃ አጠገብ፥ በቅዱስ ሚካኤል ስም የምትጠራ ስኬሊግ የተባለች የአለት ደሴት በባሕር መካከል አለች። የጥንት መነኮሳት በዚያ ያለ ጭቃ በደረቅ ድንጋይ እንደ ንብ ቀፎ አድርገው የካቧቸው ጎጆዎች እስከ ዛሬ ቆመዋል። ሥፍራይቱ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1996 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። የአገሩ መንግሥት ግን ገንዘብ ይብዛልኝ ብሎ በሩን አልበረገደውም፤ በበጋው ወራት ብቻ፥ ያውም በቀን ከ180 የማይበልጥ ሰው እንዲወጣ ወሰነ። መውጣት ያልቻለው ሰው በጀልባ ዞሮ አይቶ ወደ የብስ ይመለሳል፤ በዚያም ያድራል፥ ይበላል፥ ይገዛል። የወደቡ መንደሮችም ከዚህ ይጠቀማሉ።

የዋግ ሌላው ጌጥ ሻደይ ነው። የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ፥ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ፥ ልጃገረዶች ጥልፍ ልብስ ለብሰው ተውበው፥ ሻደይ የተባለውን ለምለም ቄጤማ በወገባቸው አሥረው፥ አስቀድመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ከዚያም ከደጅ ወደ ደጅ እየዞሩ ይጫወታሉ። በላስታ አሸንድዬ፥ በትግራይ አሸንዳ፥ በቆቦ በኩል ደግሞ ሶለል ይባላል። የኽምጣንኛ ቋንቋ በዘፈን ሲሰማ ለማያውቀው እንኳ ጆሮን ይስባል። በዘመናችን ይህ በዓል በታላላቅ ከተሞች አዳራሽና አደባባይ ጭምር መታየት ጀምሯል። ይህ ስሙን ለማስጠራት ቢረዳም፥ ልጃገረዶቹ ወደ ተመልካቹ በመኪና ሲጫኑ ተመልካቹ ወደ ዋግ የሚመጣበት ምክንያት ይቀንሳል፤ የሰቆጣ ጠጅ ቤትና የአልጋ ባለቤትም ጦሙን ያድራል። ሻደይ ያለ ሻደይ አገር መድረክ ላይ የቆመ ጨዋታ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ያሠጋል።

አምደወርቅ የደሃና ወረዳ ከተማ ናት። በዚያ በጐብኚ መጽሐፍ የተጻፈ ታላቅ ሥፍራ የሚፈልግ ሰው ቅር ሊለው ይችላል፤ የደጋውን ባላገር ኑሮ፥ እርሻውን፥ ቀፎውንና ገበያውን ለማየት የሚሻ ግን አንድ ቀን ሲያንሰው ነው። የዋግ ማር የታወቀ ነው። ነገር ግን በዚያ ንጹሕ አልጋ፥ ንጹሕ ውኃና መንገድ የሚያሳይ የሠለጠነ ወጣት ካልተገኘ እንግዳው ማሩን ከመኪናው ሳይወርድ ገዝቶ ያልፋል። ወደ ቆላው ለሚወርድ ደግሞ 188 ሜትር ቁመት ያለው የተከዜ ግድብ ያቈመው ሰፊ ሐይቅ አለ፤ ወጣቶችም ዓሣ ያጠምዱበታል።

ይህ ሁሉ ያለ ሰላም እንደማይሆን የታወቀ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ላስታና ወደ ዋግ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ የጐብኚውም እግር ተቋርጧል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላም፥ በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቷል። ስለዚህ መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ደኅንነት ከአገሩ ሹማምት ጠይቆ መረዳት አለበት፤ ሹማምቱም እውነተኛውን መንገር ይገባቸዋል። ሰው ሁለት ጊዜ የሚመጣው አንደኛውን ጊዜ በደኅና ሲገባ ነውና።

ለመንገድ የሚመቸው ወራት ዝናቡ ካበቃበት ከመስከረም እስከ ጥር ያለው ነው። ሻደይን ለማየት የሚሻ ግን የክረምቱን ጭቃ ታግሦ፥ ከነሐሴ 16 ቀን አንድ ሁለት ቀን አስቀድሞ ሰቆጣ መግባት ይኖርበታል።