የጀልባ መቀመጫ ልብስ እንዴት ይሰፋል?



ለስፌት ጀማሪ የመቀመጫ ልብስ ከቀሚስ ይቀላል፤ ስፌቱ ባብዛኛው ቀጥ ያለ ነውና። በባሕር ዳርም ሆነ በሞምባሳ ሰው የሚያመላልሱ ጀልባዎች መቀመጫ ግን ፀሐይና ውኃ ስለሚፈራረቁበት ጥንቃቄ ይሻል።

1ኛ/ አሮጌውን ልብስ አትቅደዱት። ስፌቱን በምላጭ ፈትታችሁ ቁራጮቹን ቁጥር ስጧቸው። በአዲሱ ጀርባ ላይ ፊታቸውን ደፍታችሁ ዙሪያቸውን በጠመኔ አስምሩ። የስፌቱ ትርፍ አብሮ ስላለ ሌላ አትጨምሩ።

2ኛ/ የጥጥ ክር እርጥበት ያበሰብሰዋል፤ የፖሊስተር ክር ተጠቀሙ።

3ኛ/ ሰው ሠራሽ ቆዳ አንዴ ከተበሳ አይደፈንም። ስለዚህ በስፒል ፋንታ በልብስ ማስጫ መቆንጠጫ ያዙት። ስፌቱንም እስከ 4 ሚሊ ሜትር አራርቁት፤ ከተቀራረበ እንደ ቴምብር ጠርዝ ይቀደዳል።

4ኛ/ በጀርባው በኩል ሰፍታችሁ ከኋላ አፉን ክፍት ተዉት። ከዚያ ገልብጣችሁ ስፖንጁን ክተቱና ዝጉት። ከሥሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይኑሩት፤ የገባው ውኃ መውጫ ካጣ ስፖንጁ ይሻግታል።

ጀልባ በአቅራቢያችን ባይኖርም የአውቶቡስም ሆነ የፀጉር ቤት ወንበር የሚለብሰው በዚሁ መንገድ ነው። ቤትና ንብረቱን ትቶ የወጣ ሰው ሙያውን ግን በሄደበት ሁሉ ይዞት ይሄዳል።