የደሴት ዕረፍትና የሞገድ ወቅት

ዕቃ ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ የሸቀጡን ዓይነት፣ የሚደርስበትን ጊዜና የሚጠይቀውን ወጪ ሳይመረምር ገንዘቡን እንደማይከፍል የታወቀ ነው። ይኸው ሰው ግን ለዕረፍት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የደሴቲቱን ውብ ሥዕል ብቻ አይቶ ቲኬቱን ይቈርጣል። በተለይም ሰርፊንግ የተባለውን፣ በሰሌዳ ላይ ቆሞ በባሕር ሞገድ የመንሸራተትን ስፖርት ለመማር የሚሄድ ሰው ወቅቱን ከሳተ፣ ደርሶ የሚያገኘው ወይ የተኛ ውሃ ወይም ለሕይወቱ የሚያሰጋ ማዕበል ነው።

በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሥር ሱቅ ለከፈተ ነጋዴ ይህ ነገር እጅግ የራቀ መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ፣ መንገዱ ሲጨቀይና ገበያው ሲቀዘቅዝ ዕረፍት ማሰቡ አይቀርም። በዚያው ወራት በሰሜናዊው የሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነፋሱ አቅጣጫውን ለውጦ ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል። ለኮዬ ፈጬ ክረምትን ይዞ የሚመጣው የወቅት መለዋወጥ የደሴቶቹንም ባሕር ይለዋውጣል ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት ለአገራችን ንግድ እንግዳ አይደለም። በአክሱም መንግሥት ዘመን የዝሆን ጥርስ በአዱሊስ ወደብ ወደ ውጭ ሲላክ፣ በቀይ ባሕርና በሕንድ መካከል የሚመላለሱ መርከቦች ነፋሱን ጠብቀው ይነሡ፣ ነፋሱም ሲዞር ይመለሱ ነበር። ወቅቱን ያላወቀ ነጋዴ ዕቃውን እንደ ጫነ ወራት ይቀመጥ ነበር።

ጥሩ ሞገድ የሚወለደው ሰፊ ውሃ ላይ ብርቱ ነፋስ ለረጅም ጊዜ ሲነፍስ ነው። ከተወለደም በኋላ በሺህ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ተጕዞ ነፋስ ወደሌለበት ዳርቻ ሊደርስ ይችላል። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነፃ አገር ከመሆኗ በፊት ለዕረፍት ወደ ምጽዋ ይወርዱ የነበሩ ሰዎች ታላቅ ሞገድ ያላዩት፣ ቀይ ባሕር ጠባብ በመሆኑ ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ግን እስከ ደቡብ ዋልታ አካባቢ ክፍት ስለሆነ፣ በዚያ የሚነሣው ማዕበል ለደሴቶቹ ሞገድ ይልካል።

ይሁን እንጂ የቀረበው ሁሉ የተፈለገው አይደለም። ዛንዚባር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሚበርባቸው ደሴቶች አንዷ ናት። ነገር ግን በምሥራቅ ዳርቻዋ ኮራል የተባለው የባሕር ድንጋይ ሞገዱን ከሩቅ ስለሚሰብረው፣ በፓጄ መንደር ፊት ያለው ውሃ ዝቅተኛና የረጋ ነው። ፓጄ የታወቀችው በነፋስ በሚጐተት ሰሌዳ ለሚጫወቱ ሰዎች ነው። እነርሱም ከሰኔ እስከ መስከረም ኩሲ የተባለውን የደቡብ ነፋስ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ደግሞ ካስካዚ የተባለውን የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይጠብቃሉ። ነፋስ የፈለገ ይረካል፤ ሞገድ የፈለገ ያዝናል።

ወቅትን የማወቅ ጥቅም ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በስሪላንካ ነው። የኮዬ ፈጬ ነጋዴ በክረምት ቢሄድ የሚመረጠው የምሥራቁ ጠረፍ፣ አሩጋም ቤይ ነው። በኅዳርና በጥር መካከል ቢሄድ ግን ወደ ደቡቡ ጠረፍ፣ ወደ ወሊጋማ መዞር አለበት። ደሴቲቱ አንዲት ስትሆን ገበያዋ ሁለት ነው።

ከወቅቱ ቀጥሎ የሚመረመረው የባሕሩ ወለል ነው። ለጀማሪ እንደ ወሊጋማ ያለ አሸዋማ ወለል ይሻለዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ የሰርፊንግ ውድድር የተደረገባት የታሂቲዋ ቴአሁፖ በሞገዷ እጅግ የከበረች ብትሆንም፣ ሞገዱ የሚሰበረው በስስ ውሃ ሥር ባለ ኮራል ላይ ስለሆነ ለሠለጠኑት ብቻ ናት። በሬዩኒዮን ደሴትም በሻርክ ጥቃት ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ መዋኘትና ሰርፊንግ በአብዛኛው ዳርቻ ተከልክሎ፣ በተለዩ ስፍራዎች ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ስለዚህ የአካባቢውን ደንብ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስ ሞገዱ የተስተካከለ ይሆናል፤ ይህም በብዙ ስፍራ የሚገኘው በማለዳ ነው። ወደ ጥልቁ የሚጐትት ጅረት የያዘው ሰው ከጅረቱ ጋር ሳይታገል፣ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝቶ ሊወጣ ይገባዋል።

መዋኘት የማያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ቢያጠና አይጠቅመውም። ከኮዬ ፈጬ የሚነሣ ሰው ግን ለመለማመጃ አይቸገርም። በቱሉ ዲምቱ ወደ ፈጣኑ መንገድ ገብቶ፣ ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፎ ላንጋኖ ሐይቅ ይደርሳል። የውቅያኖስ ሞገድ በዚያ ባይገኝም፣ ከአስተማሪ ጋር ሆኖ ውሃን መልመድ ይቻላል። ሰሌዳውንም ገዝቶ በአውሮፕላን ከማጓጓዝ፣ ለጀማሪ እዚያው መከራየቱ ወጪ ይቀንስለታል።

አስተዋይ ነጋዴ ከዚህ ጉዞ ከመዝናናት ሌላ ትምህርት ይዞ ይመለሳል። በአሩጋም ቤይ ሰሌዳ የሚያከራየውም፣ ምግብ የሚሸጠውም፣ አልጋ የሚያከራየውም የዓመት ገቢውን አብዛኛውን ክፍል የሚሰበስበው ሞገዱ በሚመጣበት ጥቂት ወራት ነው። የቀረውን ጊዜ በዚያው ገቢ ማለፍ ስላለበት፣ ወቅቱ ሳይደርስ መሰናዳትና ወቅቱ ሲያልፍ መቈጠብ ግዴታው ነው። ይህ ደግሞ የክረምቱን ጭቃ አሳልፎ ለመስከረም ገበያ ለሚዘጋጅ ባለሱቅ አዲስ ነገር አይደለም።