የኅዳር ብር እስከ ሐምሌ

በጅማ ዙሪያ ባሉ የቡና አገሮች የዓመቱ ወራት እኩል አይደሉም። በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሊሙ ገነትና በሰቃ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡናው ይቀላል፣ ይለቀማል፣ ይሸጣል። ገበያው ይሞቃል፤ ቆርቆሮ ሻጩም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ባለ ምግብ ቤቱም የዓመቱን ዋና ሥራ የሚሠሩት በእነዚህ ወራት ነው። ሰኔ ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቡናው ገና አረንጓዴ ፍሬ ነው፣ በቆሎው አልደረሰም፣ እጅ ላይ የነበረው ብር አልቋል። መስከረም ላይ ደግሞ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ደብተር፣ ዩኒፎርምና ጫማ የሚጠየቀው ቤቱ ባዶ በሆነበት ወር ነው። ከወር ገቢያችሁ ትንሽ ትንሽ ቆጥቡ የሚለው የተለመደ ምክር የተነገረው ለደመወዝተኛ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚከፈለው ቤት ሌላ ስሌት ያስፈልጋል። የቡና ቤተሰብን የሚጎዳው የገንዘቡ ማነስ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ መጥቶ በአንድ ጊዜ መሄዱም ነው። ስለዚህ የዓመቱ ትልቁ የቤት ውሳኔ መወሰን ያለበት ሐምሌ ላይ ችግር ሲያፋጥጥ ሳይሆን ኅዳር ላይ፣ ብሩ እጅ በገባበት ሳምንት ነው እላለሁ።

ይህ ችግር በቅርብ ዓመታት የባሰበት ምክንያት አለ፤ የመጣውም ከመልካም ለውጥ ጋር ነው። የጅማ ገበሬ ለረጅም ዘመን ቡናውን በአብዛኛው ከነልጣጩ፣ በጀንፈል ሲያደርቅ ኖሯል። «ጅማ አምስት» የሚባለው ደረጃም በውጭ ገበያ በጥራት ማነስ የሚታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ግን የአጋሮ አካባቢ ገበሬዎች ቴክኖሰርቭ በተባለ የልማት ድርጅት ድጋፍ የኅብረት ሥራ ማኅበራት እያቋቋሙ የእሸት ቡና መፈልፈያ ተከሉ። ከእነዚህ ማኅበራት አንዱ የሆነው ዱሮሚና እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የቡና ውድድር አንደኛ ወጣ። በመፈልፈያው የታጠበው ቡና የተሻለ ዋጋ አመጣ፤ ይህ የሚያኮራ ነው። ሆኖም ጀንፈል ከጣዕም ውጭ የሆነ፣ ማንም የማይቆጥርለት አንድ ጥቅም ነበረው። በደንብ የደረቀ ጀንፈል በጆንያ ሆኖ ለወራት ይቀመጣል። ሳሙናና ጨው ሲያልቅ ጥቂት ይሸጣል፣ ልጅ ሲታመም ጥቂት ይሸጣል፣ የቀረው ለክረምት ይቆያል። እሸት ቡና ግን በተለቀመበት ዕለት መፈልፈያ መድረስ አለበት። ሽያጩም ዋናው ክፍያም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠናቀቃል። ጥራቱ ሲሻሻልና ገቢው ሲያድግ፣ የቤቱን ቁጠባ ይዞ ይቆይ የነበረው ጆንያ ከጓዳ ወጣ፤ በቦታው የተተካ ነገር ግን የለም።

ክፍተቱ ዋጋ ያስከፍላል። ብሩ ያለቀበት ቤተሰብ በክረምት ወደ ነጋዴ ሄዶ ይበደራል፤ ብድሩም የሚመለሰው በመጪው ቡና ነው። ፍሬው ገና ከዛፉ ላይ እያለ ዋጋው ተቆርጦ ያልቃል። ለምሳሌ ያህል አንድ አባወራ ሐምሌ ላይ 10 ሺህ ብር ወስዶ ኅዳር ላይ 15 ሺህ ብር የሚያወጣ ቡና ቢያስረክብ፣ በአራት ወር ውስጥ 50 በመቶ ከፈለ ማለት ነው። ከባንክ ቢበደር ኖሮ እንዲህ ያለ ወለድ ባልተጠየቀ ነበር። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። የቸገረው ቤተሰብ ያልቀላውን ፍሬ አብሮ ያራግፋል፤ ያን ጊዜ ዓመት ሙሉ የተደከመበት ጥራት ይጠፋል። ችግሩ በሐሳብም ላይ ይጫናል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በሕንድ ታሚል ናዱ ግዛት 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከምርት በፊትና ከምርት በኋላ ፈትኗቸው ነበር። እነዚያው ሰዎች ገንዘብ በእጃቸው ባልነበረበት ወቅት የማሰብ ፈተናውን የሠሩት በዝቅተኛ ውጤት ነበር፤ ምርቱ ከተሸጠ በኋላ ተሻሻሉ። አእምሮው በነገ ጉርስ የተያዘ ወላጅ የልጁን ትምህርት የሚከታተልበት፣ ረጋ ብሎ የሚመክርበት አቅም ያንሰዋል። በክረምት በየቤቱ የሚሰማው ጭቅጭቅና ቁጣ ብዙ ጊዜ የጠባይ ጉዳይ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ከባዶ ጓዳ ጋር ያለውን ዝምድና ግን ማየት ይገባል።

መፍትሔው ራስን አጥብቆ መግዛት ነው የሚሉ አሉ። ማስረጃው የሚያሳየው ግን ሌላ ነው፤ ብሩ በጥሬው እጅ ላይ ካለ ማንም ቢሆን ያወጣዋል። በምዕራብ ኬንያ ቡሲያ ወረዳ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ ገበሬዎች ምርት በሸጡበት ሰሞን ማዳበሪያ ቀድመው እንዲከፍሉና ያለ ማጓጓዣ ክፍያ ቤታቸው ድረስ እንዲመጣላቸው ሲደረግ ተጠቃሚው በርከት አለ። የተሰጣቸው ቅናሽ ትንሽ ነበር፤ ለውጡን ያመጣው ጊዜው ነው። በማላዊም የሽያጭ ገንዘባቸው በቀጥታ ወደ ባንክ ሂሳብ የገባላቸው የትምባሆ ገበሬዎች በተከታዩ ወቅት ለእርሻቸው የበለጠ አወጡ፣ ምርታቸውም ጨመረ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ለጅማ ቀላል ነው፤ የኅዳሩ ብር ኅዳር ላይ መልኩን ይለውጥ። በመጀመሪያ እህል ይሁን። በቆሎ ከኅዳር እስከ ጥር ሲረክስ ክረምቱን የሚያሻግር ያህል መግዛት፣ ወይም ከራስ ማሳ የተገኘውን አለመሸጥ፣ ከሐምሌው ብድር ዋና ምክንያት ይገላግላል። ነቀዝ የሚፈራ ሰው አየር የማያስገባውን ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ይጠቀም፤ በውስጡ አየር ሲያጣ ነቀዙ ይሞታል፣ መድኃኒት መንፋትም አያስፈልግም። እህሉ ግን በደንብ የደረቀ መሆን አለበት፤ እርጥብ በቆሎ በዚያ ከረጢት ውስጥ ይሻግታል። ቀጥሎ የመስከረም ዕቃ ይምጣ። ደብተሩና የዩኒፎርም ጨርቁ ታኅሣሥ ላይ ተገዝተው ሳጥን ውስጥ ሊቆዩ ይችላሉ፤ ልጁ ስለሚያድግ ስፌቱና ጫማው ለነሐሴ ይቆይ። ሦስተኛው፣ ማኅበሩ ሁሉንም በእሸት ካልጠየቀ፣ ከቡናው ጥቂቱን በጀንፈል ማስቀረት ነው። እቁብ የሚጥሉ ጎረቤታሞችም በምርት ወቅት ብቻ እየተሰበሰበ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚወጣ እቁብ ቢያቋቁሙ፣ ለረጅም ዘመን የሚያውቁትን ሥርዓት ለዚህ ችግር አዋሉት ማለት ነው።

የቤት ማሻሻያ ወጪም የሚመጣው በዚሁ ሰሞን ነው፤ እዚህ ላይ የምርጫ ጉዳይ አለ። ቡና ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ቅድሚያ የሚያገኘው እንግዳ የሚያየው ነው፤ ሶፋ፣ ቡፌ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን። ቤትን ማሳመር ነውር የለበትም። ነገር ግን አንድ ብር ለቤተሰቡ ጤና ብዙ የሚሠራው የት ላይ ነው ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ መሬት ላይ ነው። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2000 በኮዋዊላ ግዛት የድሆችን ቤት የአፈር ወለል በሲሚንቶ የመተካት ፕሮግራም ጀምራ ነበር። በፕሮግራሙ ላይ የተደረገ ጥናት ወለላቸው ሙሉ በሙሉ በተለወጠላቸው ቤቶች የሕፃናት የአንጀት ጥገኛ ትል በ78 በመቶ፣ ተቅማጥ በ49 በመቶ፣ የደም ማነስ በ81 በመቶ መቀነሱን አሳየ። እናቶቹም ድብርታቸው ቀነሰ፣ በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ጨመረ። ለጅማ አካባቢ ደግሞ ሙጀሌ አለ፤ ይህ ተባይ የሚራባው በደረቅ አፈር ወለል ውስጥ ነውና ሊሾ ሲደረግ መኖሪያውን ያጣል። ቤቱ በሙሉ ካልተቻለ ልጆች የሚተኙበት ክፍል ብቻ ይጀመር። ወቅቱም ጥርና የካቲት ነው፤ ዝናቡ ያንሳል፣ ለቀማው አብቅቷል፣ ብሩ ገና አለ። ሲሚንቶ እርጥበት ስለሚያጠነክረው ተገዝቶ ለክረምት የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ሊሾው ከፈሰሰ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ውኃ እየጠጣ ይቆይ፤ ይህ ሲቀር ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል። ከወለል ቀጥሎ ማዕድ ቤት ይምጣ። በሲሚንቶና በአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጀራ መጋገሪያውን እንጨት እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ጭሱ ይቀንሳል፣ እናትና ሴት ልጅ እንጨት ፍለጋ የሚያጠፉት ሰዓትም ይተርፋል። የተረፈው ሰዓት ለልጅቱ የጥናት ሰዓት ነው። ቆርቆሮ ቤት ያለው ደግሞ አሸንዳ ቢያበጅ፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚዘንብበት በጅማ፣ 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 60 ሺህ ሊትር ውኃ ይወርዳል። ሁሉንም የሚይዝ ሮቶ ባይኖር እንኳ ሁለት በርሜል ከብዙ እንስራ ያሳርፋል።

ይህን ሁሉ የሚወስነው ማን ነው? ቡናውን በመልቀምና በማድረቅ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ሴቶችና ልጆች ሲሆኑ፣ ሽያጩ ላይ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ አባት ብቻ ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ባልና ሚስት የጋራ ሀብታቸውን በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ ይደነግጋል፤ የኦሮሚያ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ሕጉ እንዲህ እያለ የሽያጩን መጠን የማታውቅ ሚስት የሐምሌን ጓዳ እንድትሞላ መጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። እህሉ ስንት ወር እንደሚያዘልቅ የምታውቀው እርሷ ናት፤ ስለዚህ ክፍፍሉ ላይ የመጀመሪያውን ቃል መናገር ያለባት እርሷ ናት። ልጆችም በምክክሩ ይቀመጡ። ዐሥር ዓመት የሞላው ልጅ ብሩ ስንት እንደሆነ፣ ስንቱ ለእህል፣ ስንቱ ለትምህርት እንደተለየ ቢሰማ፣ መስከረም ላይ «አይቻልም» ሲባል ምክንያቱን ያውቃል። ለቀማ ላይ መርዳቱ ሥራን ያስተምረዋል፤ ክፍል አስቀርቶ መላክ ግን የተለየ ነገር ነው፤ የጥቅምትና የኅዳር ትምህርት የዓመቱ መሠረት ነውና። አቅም ያለው ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ልጅ ጥቂት የቡና እግር ሰጥቶ ከትምህርት መልስና በቅዳሜ እንዲለቅም፣ ገንዘቡም ለራሱ ደብተር እንዲውል ቢያደርግ ልጁ ሒሳቡን ከእጁ ይማረዋል።

ሦስት ብርቱ ተቃውሞዎች ይነሳሉ። የመጀመሪያው፣ ብር እየወደቀ ማን ይቆጥባል የሚለው ነው፤ እውነት አለው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን የባንክ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኔም ብር በብርነቱ ለዓመታት ይቀመጥ አላልኩም። በቆሎው፣ ጨርቁና ሊሾው ዋጋቸውን ይዘው ይቆያሉ፤ ጀንፈሉም የዓለም ገበያ ሸቀጥ ነውና ብር ሲዳከም የመወደድ ዕድል አለው። ግን ጀንፈል ላይ ሁሉንም መጣል አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም ዋጋ በፓውንድ ከ50 ሳንቲም በታች ሲወርድ ያዩ አባቶች ዛሬም አሉ፤ በ2025 መጀመሪያ ያው ገበያ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቷል። እንዲህ የሚዋዥቅ ነገር የቤቱ ቁጠባ ሩብ ቢሆን ይበቃል። ለሕክምናና ለድንገተኛ ወጪ የሚቀረው ጥሬ ብር ግን ንረቱ ቢሸረሽረውም፣ ከላይ ካየነው የአራት ወር 50 በመቶ የሚያድን ከሆነ ኪሳራው ትንሽ ነው። ከወለድ የሚሸሽ ሙስሊም ቤተሰብም፣ በጅማ ዙሪያ ብዙኃኑ ይኸው ነውና፣ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 የፈቀደውን የወለድ አልባ መስኮት በየባንኩ ያገኛል፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዘመድ አዝማድ ነው። ኅዳር ላይ ብር ያለው ሰው ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለታመመ ጎረቤት እጁን ካልዘረጋ ምን ሰው ነው? ልክ ነው፤ ይህን መተው የሚመክር ሰው አገሩን አያውቅም። ለዚህ የሚሆነው ድርሻ ከመጀመሪያው ይለይ፤ እርሱ ሲያልቅ አልቋል ማለት ይቻላል፣ በቆሎና ሊሾ የሆነ ብር እንደ ጥሬ ብር አይጠየቅምና። ሦስተኛው፣ ከግማሽ ሄክታር የሚገኝ ገንዘብ ለመከፋፈልም አይበቃም የሚለው ነው። ቡና አንድ ዓመት በደንብ ሰጥቶ በተከታዩ ያንሳል፤ ያረጀው ሲጎነደል ደግሞ እስኪያፈራ ሁለት ሦስት ዓመት ይወስዳል፤ ይህ እውነት ነው። አንዳንዱ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለውም በዓመት ደጋግሞ ብር ስለሚያይበት ነው፤ ውሳኔው ራሱ ችግሩ የጊዜ መሆኑን ያረጋግጣል። ነገር ግን ገቢው ባነሰ ቁጥር ከእርሱ ላይ በብድር የሚታጣው 50 በመቶ ይበልጥ ይጎዳል። ዶሮ፣ ቀፎና አቮካዶ ከጫት ሌላ በየመካከሉ ብር የሚያመጡ መንገዶች ናቸው። ማሳ የሌለው፣ ከሩቅ መጥቶ በኪሎ የሚለቅመው ሠራተኛ ግን ከዚህ ምክር የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ የእርሱ ጥያቄ የክፍያ ጥያቄ ነው።

ለቤተሰብ ብቻ የማይተው አንድ ነገርም አለ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ቡናው ተሸጦ ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ለአባላት የትርፍ ክፍፍል ይከፍላሉ። ይህ ሁለተኛ ክፍያ የሚሰጥበት ቀን አባላት በጉባኤ የሚመክሩበት ጉዳይ መሆን ይችላል። ነሐሴ ላይ እንዲከፈል ቢወስኑ፣ ማኅበሩም ለፈቀደ አባል ከዚያው ላይ ደብተርና ዩኒፎርም በጅምላ ገዝቶ ቢያድል፣ እሸት ቡና ከጓዳ ያወጣውን ጆንያ ተግባር ማኅበሩ ራሱ ሊወጣው ይችላል። ለዚህ አዲስ ተቋምም አዲስ በጀትም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የቀጣዩ ጉባኤ አጀንዳ ሲዘጋጅ ይህን ነጥብ የሚያስገባ አባል ነው።