ዝርዝሩ ሲነበብ እናቶች የት ነበሩ?

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ኮሶዬ ይደርሳል። አገሩ ደጋ ነው፤ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል። ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ቆላውን ቁልቁል የሚመለከት እንግዳ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ አገሩን አድንቆ ይመለሳል። ለአገሩ እናት ግን ኮሶዬ ማለት ገብስና ባቄላ፣ ድንችና በግ ነው፤ ደግሞም ጎተራው ተራቁቶ አዲሱ እሸት ገና ያልደረሰበት የክረምት ወራት ነው። በእነዚያ ወራት አንድ ቁምጣ እህል ወይም ጥቂት ብር ወደ ቤት መግባቱና አለመግባቱ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ለቤት እመቤት መንገር አያስፈልግም።

ለእንዲህ ያለው ችግር ማቃለያ ተብሎ የተመደበ እርዳታ ከመድረሻው ሳይደርስ በመንገድ ላይ ሲጠፋ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን እርዳታው እንዴት እንደሚጭበረበር፣ እናቶችም ይህን እንዴት ሊያውቁና ሊያስቆሙ እንደሚችሉ እናነሣለን። ነገሩ የገጠሯን እናት ብቻ የሚመለከት አይደለም። የከተማዋም እናት ተረጂ፣ ጎረቤት፣ የኮሚቴ አባል ወይም የቢሮ ሠራተኛ ሆና በአንድ ወይም በሌላ በኩል ትገባበታለች።

እንደሚታወቀው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት እርዳታ የሚመጣው ድርቁ ከገባ፣ ከብቱ ከተሸጠና ልጁ ከከሳ በኋላ ነበር። ፕሮግራሙ በየዓመቱ የምግብ እጥረት እንደሚደርስበት የታወቀው ቤተሰብ ጥሪቱን ሳይጨርስ አስቀድሞ እንዲረዳ ታስቦ ተዘረጋ። ሲጀመር 5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ያቀፈ ሲሆን፣ በኋላ ወደ 8 ሚሊዮን ደርሷል። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ኩሬ ይቆፍራል፤ አረጋዊውና አካል ጉዳተኛው ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛል። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የከተማው ሴፍቲኔት በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች ተጀመረ። በ2013 ዓ.ም. በጸደቀው ሁለተኛው ምዕራፍ የከተሞቹ ቁጥር ወደ 83 ከፍ እንዲል ተደርጓል፤ ጎንደርም ከእነዚህ አንዷ ናት።

እንግዲህ አንዲት እናት በሐሳባችን እንያዝ። ስም አንሰጣትም። ባሏ ሞቶባታል፤ አራት ልጆች ታሳድጋለች። በሬ ስለሌላት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታለች። ሕጉን የተከተልን እንደ ሆነ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ ስሟ መጻፍ ያለበት የእርሷ ነው። ዝርዝሩን የሚያወጣው በመንደሩ የተቋቋመው ኮሚቴ ሲሆን፣ በውስጡ የሴቶች፣ የሽማግሌዎችና የወጣቶች ተወካዮች እንዲኖሩ መመሪያው ያዝዛል። ዝርዝሩ ከወጣ በኋላም በሕዝብ ስብሰባ ፊት በቃል እንዲነበብ፣ ተሰብሳቢውም ይህ ይገባዋል፣ ያኛው አይገባውም ብሎ እንዲከራከርበት፣ ከዚያም ሰው በሚያየው ቦታ እንዲለጠፍ ነው የሚያዘው።

ብዙ ሰው ማጭበርበር ሲባል ሌሊት መጋዘን የሚሰብር ሌባ ይታየዋል። እውነቱ ግን ከዚህ ይለያል። አብዛኛው ነገር የሚያልቀው በብዕር፣ ያውም ዝርዝሩ በሚጻፍበት ሰዓት ነው። ሁለት በሬና ቆርቆሮ ቤት ያለው የኮሚቴው አባል ወንድም ድኻ ተብሎ ይጻፋል። አንዱ ቤተሰብ በባልና በሚስት ስም ለሁለት ተከፍሎ እንደ ሁለት ቤት ይቆጠራል። ከሞተ ዓመት ያለፈው ሰው ወይም ወደ ሁመራና መተማ ለቀን ሥራ ወርዶ የቀረው ጎረምሳ ስሙ ሳይፋቅ ይቀራል፤ ድርሻውን ግን የሚቀበልለት አይጠፋም። ዝርዝሩ ውስጥ ለመግባት ጉቦ የሚጠየቅበትም ጊዜ አለ። በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት አለ። ይህን ጸሐፊ እንደሚመስለው ከተረቶቻችን ሁሉ ብንረሳው የሚሻለን ይኸኛው ነው።

ዝርዝሩ በተነበበበት ዕለት ያቺ በሐሳብ የያዝናት እናት የት ነበረች? ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች፣ ወይም ኩበት እየለቀመች ነው፣ ወይም ልጇ ታሞባት ቤት ውላለች። ብትመጣም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ከኋላ ትቀመጣለች። ባለ ሁለት በሬው ሰውዬ ስሙ ሲጠራ ሰምታ ይሆናል፤ ነገር ግን ሰውዬው የመሬቷ አራሽ ወይም የክርስትና አባቷ ሊሆን ይችላል። በነገው ቀን ከእርሱ በሬ ትለምናለች። እንዴት አድርጋ ተነሥታ ትናገር? ማጭበርበሩን የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አያውቅም፤ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። የቸገረው አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ መናገሩ ነው። ስለዚህም ነው አንዲት ሴት ብቻዋን ከምትነሣ አምስትና ስድስት ሴቶች ተመካክረው፣ ከመካከላቸው ደፈር ያለችውን አስቀድመው ቢቆሙ የሚሻለው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በማኅበርና በዕድር እናቶች የሚሠሩበት መንገድ ነው። የስብሰባው ሰዓትም ጉዳይ አለው። ሴቱ ሁሉ እሳት ዳር በሚሆንበት ሰዓት የሚጠራ ስብሰባ ሴቶች አልመጡም ተብሎ መዝገብ ቢጻፍበት ማንንም አያሳምንም።

የሕዝብ ስብሰባው ካለፈ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። በየቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር ተደንግጓል፤ ዝርዝሩን ያወጣው ኮሚቴ አባል ደግሞ በራሱ ጉዳይ ላይ ዳኛ ሊሆን አይገባም። አቤቱታው በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፤ መጻፍ የማትችል እናት ተማሪ ልጇን ማስጻፍ ትችላለች። የወንጀል ጥቆማ ለሚያቀርብ ሰውም የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለለት።

ከዝርዝሩ ቀጥሎ ክፍያው አለ። በዚህ ላይ እናቶች ሊያውቁት የሚገባው ሒሳብ ቀላል ነው። በገጠሩ ፕሮግራም የአንድ ሰው የሥራ ግዴታ በወር 5 ቀን ሲሆን፣ በእህል ሲከፈል የቀኑ ድርሻ 3 ኪሎ እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሠራው። ይህም በሰው 15 ኪሎ ነው። አምስት ሰው ላለበት ቤት 75 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ስለሆነም 60 ኪሎ ተሰፍሮላት 75 ብላ የፈረመች እናት 15 ኪሎዋን፣ ማለትም የአንድ ልጇን የወር ቀለብ ትታ መሄዷ ነው። በጣሳ ሲሰፈር ዓይን ይታለላል፤ ሚዛን ይምጣ ማለት ነውር አይደለም። በክፍያው ጠረጴዛ ዳር ቆሞ ለዚህ መዋጮ፣ ለዚያ ዕዳ እያለ የሚቆርጥ ሰው ካለ ደረሰኝ ይጠየቅ። ደረሰኝ የሌለው ቁራጭ ወዴት እንደሚገባ አንባቢ አይስተውም።

ክፍያው በባንክ ወይም በተንቀሳቃሽ ስልክ መሆን ከጀመረ ወዲህ በጠረጴዛ ዳር የሚደረገው ቅሚያ ቀንሷል፤ ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያም (አዋጅ ቁጥር 1284/2015) አንድ ሰው በሁለት ስም እንዳይመዘገብ ያግዛል። ሌባው ግን ከዘመኑ ጋር ይሄዳል። ማንበብ የማትችል እናት የምስጢር ቁጥሯን ለከፋዩ ወኪል ወይም ለጎረቤት ልጅ ትነግረዋለች፤ እርሱም ገንዘቡን ሙሉ አውጥቶ ግማሹን ይሰጣታል። ከጥቂት ቁጥሮች በላይ የማይሆን ነገር ነውና እናታችሁን፣ አክስታችሁን፣ የቤት ሠራተኛችሁን በቃል አስጠኗቸው። በከተማው ፕሮግራም ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ከምታገኙት ክፍያ አንድ አምስተኛው በስማችሁ እንዲቆጠብ ስለሚደረግ፣ የቁጠባ ደብተሩን በየወሩ ገልጣችሁ እዩ።

አንድ ቤት ውስጥ ያለ ሌላ ጉዳይ አለ፤ በዚህ ዓምድ ካልተነሣ ሌላ ቦታ አይነሣም። ካርዱ የቤተሰቡ እንጂ የአባወራው አይደለም። ድርሻውን ተቀብሎ ጠላና አረቄ ቤት ጎራ የሚል ባል በመዝገብ አጭበርባሪ አይባል ይሆናል። የልጆቹ ሆድ ግን ልዩነቱን አያውቅም።

ይህ ሁሉ የመንደር ነገር የሚመስለው ካለ በ2015 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ። ከሴፍቲኔቱ የተለየው የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ እርዳታ በሰፊው እየተዘረፈ ነው በሚል፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና በዚያን ጊዜ የነበረው የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤድ በመጀመሪያ በትግራይ፣ በሰኔ ወር ደግሞ በመላው አገሪቱ እደላውን አቆሙ። በትግራይ ነገሩን የመረመረው ቡድን 7,000 ቶን ያህል ስንዴና 215,000 ሊትር ዘይት መዘረፉን ገልጿል። ስንዴው በሰው 15 ኪሎ ቢታደል ከ460,000 ለሚበልጡ ሰዎች የአንድ ወር ቀለብ ይሆን ነበር። ዩኤስኤድ እደላውን በመላ አገሪቱ ለመቀጠል መወሰኑን ያስታወቀው በኅዳር 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የተረጂዎች ምዝገባ ከአካባቢ ባለሥልጣናት እጅ እንዲወጣና የእህሉ ጉዞ ከመጋዘን እስከ ተቀባይ እንዲመዘገብ ተደረገ። መልካም ነው። ነገር ግን በእነዚያ ወራት ጦሙን ያደረው ዘራፊው አልነበረም። አንዲት ኪሎ ያልሰረቀችው እናትና ልጆቿ ናቸው።

ይህ ነገር በቁጥጥር ስም ንጹሑን የመቅጣት አደጋ እንዳለ ያሳያል፤ ባለጸጎቹ አገሮችም አላመለጡትም። በሆላንድ የግብር መሥሪያ ቤቱ ለሕፃናት ማቆያ የሚሰጠውን ድጎማ አጭበርብራችኋል እያለ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆችን ለዓመታት ዕዳ አስከፈለ። አንዳንዶቹ ጥፋታቸው ቅጽ ላይ ፊርማ መርሳት ነበር፤ ብዙዎቹ ከውጭ አገር የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። ቤታቸውን ያጡ፣ ትዳራቸው የፈረሰ አሉ። ነገሩ ተጣርቶ ሐሰት መሆኑ ሲታወቅ የአገሪቱ መንግሥት በጥር 2013 ዓ.ም. ሥልጣኑን ለቀቀ። በቀበሌ፣ በወረዳና በባንክ የምትሠሩ አንባቢዎቻችን ይህን ልብ እንድትሉት ያስፈልጋል። የስም ፊደል ስለተለዋወጠ፣ ኃይለማርያም አንዴ በ«ሐ» አንዴ በ«ኃ» ስለተጻፈ ብቻ ሰው አጭበርባሪ አይባልም። ዘጠና ዓመት የሞላቸው ባልቴት የጣት አሻራቸው በሥራ ብዛት ስለጠፋ ማሽኑ ባያነበው፣ ጥፋቱ የማሽኑ እንጂ የባልቴቷ አይደለም። ስም ከመሰረዙ በፊት ባለ ስሟ ትጠራ፤ ምክንያቱ ይነገራት፤ መልስ የምትሰጥበትም ቀን ይኑራት።

የሥራ ቦታውን መዝገብ በሚመለከት አንድ ነገር ቀርቶናል። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው መመሪያ መሠረት እርጉዝ መሆኗ በጤና ተቋም የተረጋገጠ ሴት ከጉልበት ሥራ ወጥታ፣ ልጇ ቢያንስ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ክፍያዋን ያለ ሥራ ታገኛለች። ይህን ሳትሰማ ድንጋይ ስትሸከም የምትውል አለች። ሰምታ ቤቷ የቀረችዋን ደግሞ የሥራው ኃላፊ ቀሪ ብሎ ሊጽፋትና ድርሻዋን ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ከጤና ጣቢያው የተሰጣትን ወረቀት ለኃላፊው ከማስረከቧ በፊት ቅጂ ታስቀር፤ ቅጂ የሚነሣበት ቦታ ከሌለም ወረቀቱን ያየች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቀኑን በመዝገቧ ላይ ትጻፍላት። ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ፊት ስትቀርብ የምትይዘው እርሱን ነው።